ምዕራፍ አሥራ አንድ፦ አገልግሎት የማያቋርጥ ኅብረት

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቡድን ሆናችሁ ተወያዩባቸው።

1. አንድን ኀላፊነት ለአንድ ሰው ብቻ ከመስጠትና ለብዙ ሰዎች ከማከፋፈል የትኛው ይሻላል? የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት ዘርዝሩ።
2. «ምልዓተ ጉባኤ» የሚለውን ሐረግ የት ሰምታችሁታል? በዕድር ወይም በማኅበር ስብሰባ ላይ ምልዓተ ጉባኤ ካልተሟላ ውሳኔ የማይተላለፈው ለምንድን ነው?
3. በእጅ ስልክ ገንዘብ የሚላክበት አገልግሎት ለአንድ ቀን ሙሉ ቢቋረጥ በአካባቢያችሁ ምን ችግር ይፈጠራል?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብባችሁ ከምንባቡ በኋላ የቀረቡትን መልመጃዎች ሥሩ።

በዛሬው ዘመን የሰው ልጅ የዕለት ኑሮ ከኮምፒዩተር አገልግሎት ጋር በብዙ መንገድ ተሳስሯል። ባንክ የሚጠቀም ሰው ካርዱን ወደ ገንዘብ መክፈያ ማሽን ሲያስገባ፣ ነጋዴ የሸጠበትን ሒሳብ በእጅ ስልኩ ሲቀበል፣ መንገደኛ የአውሮፕላን ትኬት ሲቆርጥ ጥያቄው በመስመር ተጉዞ ወደ አንድ ቦታ ይደርሳል። በዚያ ቦታ ሆኖ ጥያቄውን የሚቀበለውና መልስ የሚሰጠው ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። በኬንያ ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብን በስልክ መላክና መቀበል በከተማም በገጠርም የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ያለው አገልግሎት ለጥቂት ሰዓት ሲቋረጥ ጉዳቱ የሚለካው በማሽኑ ዋጋ አይደለም። በዚያች ሰዓት መድኃኒት መግዛት ባቃተው ሰው፣ የመሳፈሪያ ከፍሎ ወደ ቤቱ መመለስ በተሳነው መንገደኛ ይለካል።

ይሁን እንጂ ሰርቨር ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ መበላሸቱ አይቀርም። መረጃ የሚጻፍበት ዲስክ ያረጃል፤ የኤሌክትሪክ ኀይል ይቋረጣል፤ ማቀዝቀዣው ይቆማል፤ የመገናኛ መስመሩ ይበጠሳል። ማሽኑ ጤነኛ ቢሆን እንኳ በውስጡ የሚሠራው ሶፍትዌር ስሕተት ሊኖርበት ይችላል፤ በየጊዜውም መታደስ ይኖርበታል። እንግዲህ ጥያቄው «የማይበላሽ ማሽን እንዴት ይሠራ?» የሚል አይደለም። እንዲህ ያለ ማሽን የለምና። ትክክለኛው ጥያቄ «ማሽኑ ሲበላሽ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ምን ይደረግ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የተገኘው መልስ በመሠረቱ ከጥንት ጀምሮ በማኅበራዊ ኑሯችን የምናውቀው ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ብዙዎችን አስተባብሮ እንደ አንድ ማሠራት ነው። አንድ ላይ ተሳስረው ለተጠቃሚው እንደ አንድ ማሽን ሆነው የሚታዩ ሰርቨሮች ኅብረት ክላስተር ይባላል። ከአባላቱ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ሥራውን ተረክበው ይቀጥላሉ፤ ተጠቃሚውም የሆነውን ነገር ሳያውቅ ጉዳዩን ይፈጽማል።

የመተባበሩን ጥቅም በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ሰርቨር በዓመት ውስጥ ካለው ጊዜ ከመቶ 99 እጁን ይሠራል እንበል። ይህ ቁጥር ሲሰሙት የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የቀረችው አንድ እጅ ስትሰላ 3 ቀን ከ15 ሰዓት ተኩል ያህል ትሆናለች፤ አንድ ባንክ በዓመት ይህን ያህል ጊዜ ቢዘጋ ደንበኞቹ አይታገሡትም። ከመቶ 99.9 እጅ የሚሠራ አገልግሎት በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይቋረጣል፤ ከመቶ 99.99 እጅ የሚሠራው 52 ደቂቃ ተኩል ያህል፣ ከመቶ 99.999 እጅ የሚሠራው ደግሞ 5 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ያህል ብቻ ይቋረጣል። አሁን እያንዳንዳቸው ከመቶ 99 እጅ የሚሠሩ ሁለት ሰርቨሮችን ብናጣምርና አንዱ ብቻውን ሥራውን ለመወጣት የሚችል ቢሆን፣ አገልግሎቱ የሚቋረጠው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲወድቁ ነው። የዚህ ዕድል አንድ መቶኛ ሲባዛ በአንድ መቶኛ፣ ማለትም አንድ ዐሥር ሺኛ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ተራ ማሽኖች ተባብረው በዓመት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ብቻ የሚቋረጥ አገልግሎት ይሰጣሉ ማለት ነው። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ግን የአንዱ መውደቅ ለሌላው መውደቅ ምክንያት ካልሆነ ብቻ ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህን ሐሳብ ለንግድ ሥራ በሚውል ኮምፒዩተር ላይ በግንባር ቀደምትነት ካዋሉት መካከል ጄምስ ትሬይቢግ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 በካሊፎርኒያ ያቋቋመው ታንደም የተባለ ኩባንያ አንዱ ነው። ኩባንያው የመጀመሪያውን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1976 ለሲቲባንክ አስረከበ። በዚህ ማሽን ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ ጥንድ ሆኖ ይካሄዳል፤ አንደኛው ሥራውን ሲያከናውን ሁለተኛው በሌላ አንጎለ ኮምፒዩተር ላይ ተጠባባቂ ሆኖ ሥራው የደረሰበትን ደረጃ በየጊዜው ይቀበላል። የመጀመሪያው ቢወድቅ ተጠባባቂው ከተደረሰበት ነጥብ ተነሥቶ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ዲጂታል የተባለው ኩባንያ ብዙ ኮምፒዩተሮች በጋራ ዲስክ የሚጠቀሙበትን ቫክስክላስተር የተሰኘ ሥርዓት አቀረበ። ከዚያም ወዲህ ሐሳቡ እየተስፋፋ ሄደ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ የመፈለጊያ አገልግሎቱ ከ15,000 በሚበልጡ ተራ ኮምፒዩተሮች ላይ እንደሚካሄድ፣ አስተማማኝነቱም የተገኘው ከውድ ማሽን ሳይሆን የማሽኖቹን መውደቅ አስቀድሞ ከሚጠብቅ ሶፍትዌር እንደ ሆነ ገልጿል።

ክላስተር ሥራውን የሚያከናውነው በሦስት ዋና ዋና ዘዴዎች ነው።

የመጀመሪያው ሥራን ማከፋፈል ነው። ከደጅ የሚመጣው ጥያቄ በቅድሚያ ወደ ሥራ አከፋፋዩ ይደርሳል። ሥራ አከፋፋዩ የትኞቹ ሰርቨሮች በሥራ ላይ እንዳሉ እየጠየቀ፣ ጥያቄዎቹን በመካከላቸው ያዳርሳል፤ መልስ ያልሰጠውን ሰርቨር ከዝርዝሩ አውጥቶ ሲያገግም ይመልሰዋል። ሥራ አከፋፋዩ ራሱ ቢወድቅ ግን ሁሉም ስለሚቆም እርሱም ተጠባባቂ ሊኖረው ይገባል። ሶፍትዌር የሚታደሰውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰርቨሮቹ በየተራ ከሥራ ይወጣሉ፤ አንዱ ታድሶ ሲመለስ ሌላው ይወጣል፤ በሩ ግን ለአንድ አፍታም አይዘጋም።

ሁለተኛው ዘዴ የልብ ምት ይባላል። የክላስተሩ አባላት በጥቂት ጊዜ ልዩነት «አለሁ» የምትል አጭር መልእክት ይለዋወጣሉ። የአንዱ መልእክት በተከታታይ ሲቀር ሌሎቹ ወድቋል ብለው ይፈርዱና ተተኪ ያስነሣሉ።

ሦስተኛው ዘዴ መረጃን በብዙ ቅጂ መያዝ ነው። አንድ ደንበኛ 500 ብር ቢልክ ይህ ክንዋኔ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ተጽፎ አይቀርም፤ ወደ ሌሎችም ሰርቨሮች ይገለበጣል። አገለባበጡ በሁለት መንገድ ሊሆን ይችላል። በአንደኛው መንገድ ዋናው ሰርቨር ለደንበኛው «ተፈጽሟል» የሚለው ሌሎቹ መጻፋቸውን ካረጋገጡለት በኋላ ነው፤ ይህ አስተማማኝ ቢሆንም ይዘገያል። በሁለተኛው መንገድ ዋናው ሰርቨር ራሱ እንደ ጻፈ ወዲያው መልስ ይሰጥና ቅጂውን በኋላ ይልካል፤ ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ቅጂው ሳይደርስ ዋናው ሰርቨር ቢወድቅ የተፈጸመው ክንዋኔ የትም ሳይገኝ ሊቀር ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ያየነው ነገር ብዛት ብቻ መድኅን እንደ ሆነ ያስመስላል። የክላስተር ትልቁ ፈተና ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ሰርቨር ዝም ሲል ሌሎቹ ሊያውቁ የሚችሉት ዝም ማለቱን ብቻ ነው፤ ለምን ዝም እንዳለ አያውቁም። ምናልባት ወድቋል። ምናልባት ግን ደኅና ሆኖ ሳለ በመካከላቸው ያለው መስመር ተበጥሷል። በሁለተኛው ሁኔታ ዋናው ሰርቨር ሥራውን እየቀጠለ ሳለ ተጠባባቂውም «መሪው ሞቷል» ብሎ በራሱ ሥልጣን ሥራ ይጀምራል። አንድ ሒሳብ በሁለት ቦታ ይጻፋል፤ 1,000 ብር ያለው ደንበኛ ከአንደኛው 1,000 ብር፣ ከሁለተኛውም 1,000 ብር ሊያወጣ ይችላል። መስመሩ ሲጠገን ሁለቱ መዛግብት አይስማሙም፤ የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ የሚመሰክርም የለም። እንዲህ ያለው የሁለት መሪዎች ሁኔታ አገልግሎቱ ከመቋረጡ የባሰ ነው፤ የተቋረጠ አገልግሎት ተመልሶ ይሠራል፤ የተዛባ መዝገብ ግን እምነትን ያጠፋል።

መፍትሔው በጉባኤዎቻችን ሁሉ የምናውቀው ምልዓተ ጉባኤ ነው። አምስት አባላት ያሉት ክላስተር አለ እንበል። መስመር ተበጥሶ ሦስቱ በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላ ወገን ቢቀሩ፣ ሦስቱ ከግማሽ በላይ ስለ ሆኑ መሪ መርጠው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሁለቱ ግን ማሽናቸው ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ምልዓተ ጉባኤ እንዳልሞላ ዐውቀው አዲስ ነገር ከመጻፍ ይታቀባሉ። አንድ ማኅበር በአንድ ጊዜ ሁለት አብላጫ ሊኖረው ስለማይችል፣ ሁለት መሪዎችም በአንድ ጊዜ ሊወስኑ አይችሉም። ከዚህም የተነሣ የአባላቱ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ጎደሎ ይሆናል። ሦስት አባላት ያሉት ክላስተር የአንድ አባል መውደቅ ይችላል፤ አራት አባላት ያሉትም ከአንድ በላይ አይችልም፤ አምስት ሲሆኑ ግን ሁለት ቢወድቁ ይቀጥላሉ። አራተኛው ማሽን ወጪ እንጂ በዚህ ረገድ ተጨማሪ ጥቅም አያመጣም ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ በጥልቀት ካጠኑት ሊቃውንት መካከል አሜሪካዊው ሌስሊ ላምፖርት ይገኝበታል። ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጽሑፉ ጉዳዩን ያቀረበው በፓክሶስ የግሪክ ደሴት እንደ ነበረ አድርጎ በፈጠረው ጥንታዊ ምክር ቤት አምሳል ነው። የምክር ቤቱ አባላት አዘውትረው አይሰበሰቡም፤ አንዳንዱ ይወጣል፣ አንዳንዱ ይገባል፤ መልእክተኞቹም ይዘገያሉ። ሆኖም እያንዳንዱ አባል የራሱን መዝገብ ይዟል፤ ማንኛውም ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ ካልሆነ አይጸናም። ማንኛቸውም ሁለት አብላጫዎች ቢያንስ አንድ የጋራ አባል ስለሚኖራቸው፣ ትናንት የተወሰነውን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ በጉባኤው ውስጥ አይጠፋም። ይህ ዘዴ በደሴቲቱ ስም ፓክሶስ ተብሎ በታላላቅ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል። ላምፖርትም በዚህና በተመሳሳይ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. የ2013ን የቱሪንግ ሽልማት አግኝቷል።

መሪን በስምምነት መምረጥ ብቻውን እንደማይበቃ ጊትሀብ በተባለው ድርጅት ላይ የደረሰው አደጋ በግልጽ ያስረዳል። ጊትሀብ የሶፍትዌር ባለሙያዎች የሥራቸውን ጽሑፍ የሚያከማቹበትና የሚጋሩበት አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 የጥገና ሠራተኞች ሊበላሽ የተቃረበ የመገናኛ መሣሪያ ሲለውጡ፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኘው ዋናው የመረጃ ማዕከል ከመገናኛ ጣቢያው ጋር የነበረው መስመር ተቋረጠ። መስመሩ የተቋረጠው ለ43 ሰከንድ ብቻ ነበር። በእነዚያ ሰከንዶች ግን የመረጃ ቋቶቹን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ምልዓተ ጉባኤ አሟልቶ፣ በምዕራባዊው ጠረፍ የነበሩትን የመረጃ ቋቶች በመሪነት ሾመ። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን አድርጓል፤ በምርጫው ላይ ስሕተት አልነበረም። ችግሩ የነበረው በመዝገቡ ላይ ነው። በምሥራቅ ከመቋረጡ ጥቂት ቀደም ብሎ የተጻፉ ክንዋኔዎች ወደ ምዕራብ ገና አልተገለበጡም ነበር፤ መስመሩ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ አዲሶቹ ክንዋኔዎች በምዕራብ ተጻፉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን ሌላው የሌለውን ነገር ይዞ ተገኘ።

የድርጅቱ ባለሙያዎች ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ አገልግሎቱን ፈጥኖ መክፈትና የተወሰነ መረጃ ማጣት፣ ወይም አገልግሎቱ እየተጓተተ መረጃውን አንድ በአንድ ማዳን። ሁለተኛውን መረጡ። ከመጠባበቂያ ቅጂዎች መረጃውን መልሰው አገልግሎቱን ወደ ደኅና ይዞታው እስኪያደርሱ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀባቸው። ለ43 ሰከንድ የተበጠሰ መስመር ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ መስተጓጎል አስከተለ። ክላስተር «መሪያችን ማን ነው?» በሚለው ላይ ብቻ ሳይሆን «የተጻፈው ምንድን ነው?» በሚለውም ላይ መስማማት እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

ከላይ የሒሳቡ ትክክለኛነት የአንዱ መውደቅ ሌላውን ካልነካ ብቻ እንደ ሆነ ተናግረን ነበር። ይህን የሚያፈርሱ ምክንያቶች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ተቃጠለ። በማዕከሉ ግቢ ከነበሩት ሕንፃዎች አንዱ ፈጽሞ ወደመ። መጠባበቂያ ቅጂያቸውን በሌላ ቦታ ያኖሩ ደንበኞች ሥራቸውን መልሰው አቋቋሙ፤ ዋናውንም ቅጂውንም በዚያው ግቢ ያኖሩ ግን ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ያጡ ነበሩባቸው። በአንድ ጎተራ ውስጥ በሁለት ከረጢት የተቀመጠ ዘር ጎተራው ሲቃጠል እንደ አንድ ከረጢት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የጋራ ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋረጡ። የተቃጠለ ማዕከል አልነበረም፤ የተበላሸ ማሽንም አልነበረም። በጥገና ጊዜ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ ማዕከሎቹን የሚያገናኘውን ዋና መረብ በሙሉ ዘጋው፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ያግድ ዘንድ የተሠራው ሶፍትዌርም በራሱ ስሕተት ምክንያት አላገደውም። ብዙ ማሽኖች አንድን የተሳሳተ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሲፈጽሙ ብዛታቸው አያድናቸውም።

በታንደም ይሠራ የነበረው ጂም ግሬይ ይህን ቀደም ብሎ ተገንዝቦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረበው ጥናት ደንበኞች ሪፖርት ያደረጓቸውን የኮምፒዩተር መቆሞች መርምሮ፣ ከመቶ 42 ያህሉ ከአስተዳደርና ከአያያዝ፣ ከመቶ 25 ያህሉ ከሶፍትዌር፣ ከማሽኑ አካል የመጡት ግን ከመቶ 18 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ማሽኑን በጥንድ ማስቀመጥ የማሽኑን ብልሽት ስለቀነሰው የሰው ስሕተት ጎልቶ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ክላስተርን የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች አደጋን ከመጠበቅ ይልቅ መለማመድን ይመርጣሉ። ለምሳሌ ያህል ኔትፍሊክስ የተባለው ኩባንያ «ኬዎስ መንኪ» የሚል ስም የሰጠውንና እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ያሰራጨውን ፕሮግራም መጥቀስ ይቻላል። ይህ ፕሮግራም በሥራ ላይ ካሉት ሰርቨሮች አንዳንዶቹን በዕጣ እየመረጠ ሆን ብሎ ያጠፋል። ይህም የሚደረገው ባለሙያዎቹ በቢሮአቸው ባሉበት በሥራ ሰዓት ነው፤ ጉድለቱ በውድቅት ሌሊት ሳይሆን በቀን እንዲታይና እንዲታረም ነው። ተጠባባቂ ሰርቨር አንድ ቀን እንኳ ሥራ ተረክቦ ካልታየ፣ በአደጋ ጊዜ ለመረከቡ ዋስትና የለም።

ባጠቃላይ ሲታይ ለደንበኛው በማይታየው ክፍል ውስጥ የተደረደሩት ማሽኖች የሚያገለግሉት በቁጥር ስለ በዙ ብቻ አይደለም። እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ፣ መሪያቸውን በአብላጫ ስለሚሰይሙ፣ መዝገባቸውን ስለሚያስተያዩና በአንድ ቦታ ስለማይከማቹ ነው። ከእነርሱ ጥቂቶቹ ከአብላጫው ሲነጠሉ ዝም ማለታቸውም እንደ ድካም ሊቈጠር አይገባም፤ የደንበኛውን ሒሳብ ከመዛባት የሚጠብቀው ይኸው ዝምታ ነውና።

ሐ. የቃላትና የሐረጋት ፍቺ

በምንባቡ ውስጥ የሚገኙት ቃላትና ሐረጋት የያዙት ፍቺ እንደሚከተለው ነው።

ሰርቨር፦ ከሌሎች ኮምፒዩተሮች ወይም ስልኮች የሚመጣለትን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ኮምፒዩተር
ክላስተር፦ ተሳስረው እንደ አንድ የሚሠሩ ሰርቨሮች ኅብረት
ተጠባባቂ፦ ሌላው ሲወድቅ ሥራውን ለመረከብ ተዘጋጅቶ የሚቆይ
የመረጃ ቋት፦ መረጃ በሥርዓት ተመዝግቦ የሚከማችበት
ክንዋኔ፦ የተፈጸመ ተግባር፤ በዚህ ምንባብ በመዝገብ ላይ የሚሰፍር ሥራ
ምልዓተ ጉባኤ፦ ውሳኔ እንዲጸና በስብሰባ ላይ መገኘት ያለበት የአባላት ቁጥር
ታቀበ፦ ራሱን ገታ፣ ከማድረግ ተቈጠበ

መ. መልመጃ አንድ፦ ምንባቡን መረዳት

በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች የተሟላ መልስ ስጡ።

1. ጸሐፊው «የማይበላሽ ማሽን እንዴት ይሠራ?» የሚለውን ጥያቄ ያልተቀበለው ለምንድን ነው? በምትኩ ያቀረበው ጥያቄ ምንድን ነው?
2. አንድ ሰርቨር ዝም ሲል ሌሎቹ ሊያውቁት የማይችሉት ነገር ምንድን ነው? ከዚህስ ምን አደጋ ይመጣል?
3. ሰባት አባላት ያሉት ክላስተር ስንት አባላት ቢወድቁበት ሥራውን ሊቀጥል ይችላል? ስድስት አባላት ያሉትስ? መልሳችሁን በምክንያት አስረዱ።
4. በጊትሀብ ላይ በደረሰው አደጋ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ሳለ ችግር የተፈጠረው ለምንድን ነው?
5. የስትራስቡርጉ ቃጠሎና የፌስቡክ መቋረጥ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
6. እያንዳንዳቸው ከመቶ 99 እጅ የሚሠሩ ሦስት ሰርቨሮች ቢጣመሩና አንዱ ብቻውን ሥራውን ለመወጣት ቢችል፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ የመውደቃቸው ዕድል ስንት ይሆናል? ይህ ስሌት ትክክል የሚሆነው በምን ሁኔታ ነው?

ሠ. መልመጃ ሁለት፦ የቋንቋ ልምምድ

1. «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ሐሳብ ጋር የሚስማማበትን አንድ ነጥብ፣ የማይበቃበትንም አንድ ነጥብ ጻፉ።
2. በሚከተሉት መሸጋገሪያ ቃላት እየተጠቀማችሁ የየራሳችሁን ዓረፍተ ነገር መሥርቱ፦ ይሁን እንጂ፣ ከዚህም የተነሣ፣ ለምሳሌ ያህል፣ ባጠቃላይ ሲታይ።
3. ከምንባቡ ውስጥ «ከሆነ»፣ «ቢሆን»፣ «ካልሆነ» የሚሉትን ወይም ተመሳሳይ ሁኔታ ገላጭ ግሦች የያዙ አራት ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ።

ረ. መልመጃ ሦስት፦ ክርክርና ድርሰት

1. ክፍሉ በሁለት ቡድን ተከፍሎ «በአደጋ ጊዜ አገልግሎቱን ፈጥኖ መክፈት መረጃን አንድ በአንድ ከማዳን ይሻላል» በሚለው ርእስ ይከራከር። አንደኛው ቡድን ስለ ሆስፒታል፣ ሁለተኛው ቡድን ስለ ባንክ እያሰበ ምክንያቱን ያቅርብ።
2. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ዕድር፣ ዕቁብ ወይም ማኅበር ሰብሳቢው ወይም ጸሐፊው በሌለበት ጊዜ ሥራውን እንዴት እንደሚቀጥል፣ መዝገቡንም ማን እንደሚይዝ አባላቱን ጠይቁ። ያገኛችሁትን ከክላስተር አሠራር ጋር እያነጻጸራችሁ ከአንድ ገጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።